ጀብዱ ጌም ያለ ድብድብ አይሆንም እንዴ?

«ዲስኮ ኤሊሲየም» የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ አንድሮይድ ስልኮች መጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ዘንድ ወሬው ብዙም አልተሰማም። ፐብጂ አዲስ ነገር ሲያወጣ ግሩፑ ሁሉ የሚያወራውን ያህል ቀርቶ የዚያን ሩብ እንኳ አላየሁም። ለእኔ ግን ከዓመቱ የጌም ዜናዎች ሁሉ ዋናው ይሄ ነበር። ለምን ብትሉ፣ ጌሙ የታወቀው በውስጡ በሌለ ነገር ነው። የድብድብ ሥርዓት የለውም። የምትጫወቱት ማን እንደሆነ እንኳ ረስቶ ሆቴል ክፍል ውስጥ የነቃ ሰካራም መርማሪ ፖሊስ ሆናችሁ ነው፤ ሥራችሁ ደግሞ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የተገኘን ሰው ማን እንደገደለው ማጣራት ነው። መሣሪያችሁ ወሬ ነው። መርማሪው ጭንቅላት ውስጥ ያሉት 24 ችሎታዎች ራሳቸው አፍ አውጥተው ይመክሩታል፣ ያሳስቱታል፣ ሲላቸውም ይሰድቡታል። አንድ ቦታ ላይ ተኩስ አለ፤ እሱም ቢሆን በንግግር ምርጫና በዳይስ ዕጣ ነው የሚያልፈው። አንድ ሚሊዮን ገደማ ቃላት የተጻፉበት ይህ ጌም በ2019 «ዘ ጌም አዋርድስ» ላይ አራት ሽልማት ይዞ ወጣ።

ወደ ስልክ ሲያመጡት የስቱዲዮው ሰዎች ቲክቶክ እያየ ጣቱን የሚያንሸራትተውን ተጠቃሚ መማረክ እንደሚፈልጉ በግልጽ ተናገሩ። ማለትም እኔንና እናንተን። አቀራረቡንም ለስልክ ስክሪን እንደ አዲስ ሠሩት። ጠብ ግን አልጨመሩበትም።

ይህ ለምን ይገርማል? ምክንያቱም የጌም ኢንዱስትሪ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲከተለው የኖረው ምክር ተቃራኒው ነው። የጀብዱ ጌም ገበያ ሲቀዘቅዝ «አክሽን ጨምሩበት» ይባላል። ሰው ማንበብ አይወድም፣ ሰው ማሰብ ይሰለቸዋል፣ እንግዲያው በየአሥር ደቂቃው የሚመታ ነገር ስጡት። ምክሩ እውነት መሆን አለመሆኑ የሚመለከተው ጌም ሠሪዎችን ብቻ አይደለም። ነገ በአማርኛ የሚሠራው ጌም ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ጥያቄም እዚሁ ውስጥ አለ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ጀብዱ ጌም ስል ምን ማለቴ እንደሆነ እንግባባ። «አድቬንቸር» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከአንድ ጌም ነው። በ1976 ዊል ክራውዘር የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር፣ ዋሻ ለዋሻ መዞር የሚወድ ሰው፣ ስለ ዋሻ ጌም ጻፈ። ጻፈ ስል የምሬን ነው፤ ሥዕል የለውም። ኮምፒውተሩ ያላችሁበትን ቦታ በጽሑፍ ይነግራችኋል፣ እናንተ ወዴት እንደምትሄዱ፣ ምን እንደምታነሱ በአንድ ሁለት ቃል ትመልሳላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ዶን ዉድስ የሚባል ሌላ ፕሮግራመር አሰፋው። ከዚያ በ1984 ሲየራ «ኪንግስ ክዌስት»ን በሥዕል አመጣ። የሉካስ ፊልም ልጆች ደግሞ በ1990 «ዘ ሲክሬት ኦፍ መንኪ አይላንድ»ን አወጡ። መልኩ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ የተቆለፈ በር፣ የማይናገር ሰው፣ የጎደለ ዕቃ ፊት ትቆማላችሁ፤ ታስባላችሁ። ሰዓት አይቆጥርባችሁም። ቡና አፍልታችሁ፣ ሦስቱንም ጠጥታችሁ ብትመለሱ ጌሙ እዚያው ቆሞ ይጠብቃችኋል።

አክሽን የሚባለው የዚህ ግልባጭ ነው። ጣትና ዓይን ነው የሚፈተነው፤ ብትዘገዩ ትሞታላችሁ።

ታዲያ ሠሪዎቹ ለምን ሁለቱን መቀላቀል ፈለጉ? ስግብግብነት ብቻ ነው ብዬ አላልፈውም፤ እውነተኛ ችግር ነበረባቸው። እንቆቅልሽ አንዴ ከተፈታ አለቀ። ወንድማችሁ መልሱን ከነገራችሁ ጌሙ ሞተ ማለት ነው፤ ዛሬ ደግሞ የሁሉም ወንድም ዩቲዩብ ነው። ድብድብ ግን መልሱን ብታውቁትም በእጃችሁ ልትሠሩት ይገባል፣ ስለዚህ ሰዓት ይሞላል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ የጀብዱ ጌም እንቆቅልሾች ሰው የሚያሳብዱ ነበሩ። በ1999 የወጣው «ገብርኤል ናይት 3» ውስጥ ሞተር ሳይክል ለመከራየት ሌላ ሰው መምሰል አለባችሁ። እና ምን ታደርጋላችሁ? ድመት በማጣበቂያ ፕላስተር አታላችሁ ፀጉሯን ትነቅላላችሁ፣ በሽሮፕ ከንፈር ላይ ለጥፋችሁ ጢም ታደርጉታላችሁ። ልትመስሉት የፈለጋችሁት ሰውዬ ግን ጢም የለውም! ስለዚህ መታወቂያው ላይ ጢም ትሥሉበታላችሁ። ይህን ያየ ሰው «ኧረ ሽጉጥ ስጡኝ» ቢል አይፈረድበትም። ሦስተኛው ገበያው ነው። በ1993 «ዱም»፣ በ1996 «ቶምብ ሬይደር» ከመጡ በኋላ መደብር የገባ ወጣት ዓይኑ የሚያርፈው የሚንቀሳቀሰው ላይ ሆነ።

እናም ጨመሩበት። በ1998 ስምንተኛው «ኪንግስ ክዌስት» ሰይፍ ይዞ መጣ። በተረትና በእንቆቅልሽ ያደገው ተከታታይ በድንገት ጭራቅ እየጨፈጨፉ የሚያልፉት ሆነ። የድሮ ወዳጆቹ ተከፋፈሉ፤ «ይሄ የእኛ ጌም አይደለም» ያሉት ብዙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ተከታታዩ እስከ 2015 ድረስ አዲስ ክፍል አላየም። በ2006 ደግሞ «ድሪምፎል» የሚባል፣ ታሪኩ በጣም የተወደደ ጌም ቡጢና ድብቅ አካሄድ ጨመረ። ተቺዎች ታሪኩን አመሰገኑ፣ ድብድቡን ግን ረገሙ። ሠሪው ራግናር ቶርንኲስት ቀጣዩን «ድሪምፎል ቻፕተርስ»ን በ2014 ሲያወጣ ድብድቡን አውጥቶ ጣለው። ገንዘብ ወጥቶበት የተጨመረ ነገር በሚቀጥለው ክፍል እንዳልነበረ ሲሆን ከዚያ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

የሁለቱ ችግር ድብድብ መኖሩ አይመስለኝም። ድብድቡ ከጌሙ ጋር አለመነጋገሩ ነው። ታሪኩ «ይህች ልጅ ማን ናት፣ ምን ፈለገች» እያለ ይጠይቃል፤ ድብድቡ ደግሞ «ቁልፉን በፍጥነት ተጫን» ይላል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቆማል። ፊልም እያያችሁ በመሃል ማስታወቂያ እንደሚገባው ማለት ነው፤ ማስታወቂያው ጥሩ ቢሆንም ያናድዳል።

የተሳካላቸውን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። «መንኪ አይላንድ»ን እንውሰድ። ጋይብረሽ የሚባል ቀጭን ልጅ የባሕር ወንበዴ መሆን ይፈልጋል፤ ወንበዴ ለመሆን ደግሞ በሰይፍ መግጠም አለበት። ሠሪዎቹ እዚህ ጋ ተራ ድብድብ ማስገባት ይችሉ ነበር። ያስገቡት ስድብ ነው። አንዱ ሰይፉን እያወናጨፈ ይሰድባል፣ ሌላው የሚገጥም መልስ ካመጣ ይገፋዋል፤ መልስ ያጣ ይሸነፋል። መንገድ ላይ ከምትገጥሟቸው ወንበዴዎች አዲስ ስድብና አዲስ መልስ እየለቀማችሁ ትሰበስባላችሁ። ከዚያ የሰይፍ ጌታዋ ጋ ስትደርሱ የምትሰድበው ሰምታችሁት በማታውቁት ስድብ ነው። የለቀማችሁትን መልስ በአዲሱ ስድብ ላይ የሚገጥምበትን ትርጉም ፈልጋችሁ መመለስ አለባችሁ።

ይህን ለፈረንጅ ማስረዳት ሊያስቸግር ይችላል፤ ለእኛ ግን እንካ ስላንቲያ ነው በቃ። በልጅነቱ እንካ ስላንቲያ የተጫወተ ሰው የልብ ምቱን ያስታውሰዋል፤ ቤት የሚመታ መልስ ካላመጣህ ልጆቹ ሁሉ ይስቁብሃል። ፍጥነት አለ፣ ውጥረት አለ፣ ማሸነፍና መሸነፍ አለ። አክሽን ነው። ግን የሚሠራው በቃል ነው፤ ስለዚህ ከቃል ከተሠራው ጌም ጋር አይጣላም።

ሌላ መንገድም አለ፦ ምርጫ መስጠት። በ1992 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም፣ «ፌት ኦፍ አትላንቲስ»፣ መጀመሪያ አካባቢ መንገዱን ለሦስት ይከፍለዋል። ከሶፊያ ጋር አብራችሁ ትሄዳላችሁ፣ ወይ ብቻችሁን በጭንቅላት፣ ወይ ብቻችሁን በቡጢ። መሃሉ በየመንገዱ ይለያያል፣ መጨረሻ ላይ ይገናኛል። ቡጢ የማይወድ ሰው ቡጢ ሳያይ ይጨርሳል ማለት ይቻላል። ሦስት ጊዜ ሥራ ነው፤ ለዚህ ይሆናል ብዙዎች ያልደገሙት። የሚገርመው በታኅሣሥ 2024 የወጣው አዲሱ የኢንዲያና ጆንስ ጌም ነው። የሠራው ማሽንጌምስ በተኩስ ጌሞቹ፣ በ«ዎልፍንስታይን» የሚታወቅ ስቱዲዮ ነው። እነሱ ግን ከራሳቸው ልማድ ወጥተው ተኩሱን ወደ ኋላ ገፉት። ሽጉጥ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጠቅማችሁ ሰደፉ ነው፣ ገልብጣችሁ ሰው ለመምታት። ዋናው አለንጋው፣ ካሜራው፣ የተጻፈውን ማንበብና መደበቅ ነው። አንዱ በጀብዱ ላይ አክሽን ሲጨምር ሌላው ከአክሽን ላይ ቀንሶ ጀብዱ ሠራ።

ፍርሃት ላይ የቆሙት ጌሞች ደግሞ የራሳቸው መልስ አላቸው። በ1996 የመጣው የመጀመሪያው «ሬዚደንት ኢቪል» ጥይት በቁጥር ነው የሚሰጣችሁ። ዞምቢው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ትተኩሳላችሁ ወይስ በጎኑ ሮጣችሁ ታልፋላችሁ? ስድስት ጥይት ብቻ ሲቀራችሁ መተኮስ ራሱ እንቆቅልሽ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ በስልክ ዘመን መነጋገር ያለብን ግን ስለ ቴልቴል ነው። በ2012 «ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን በአምስት ክፍል አወጡ። ዞምቢ አለ፣ ቁልፍ ቶሎ ቶሎ መጫን አለ፤ ይህን ማንም ያደርገዋል። የእነሱ ብልሃት ሌላ ቦታ ነው፦ ሰዓቱን ንግግሩ ውስጥ ከተቱት። ሊ የሚባለው ሰውዬ ክሌመንታይን የምትባለውን የስምንት ዓመት ልጅ ይዞ ይሸሻል፤ አንድ ሰው «ልጅቷ ያንተ ናት?» ብሎ ቢጠይቀው መልሶቹ ስክሪኑ ላይ ይደረደራሉ፣ ከሥር ደግሞ አንድ መስመር እያጠረ ይሄዳል። መስመሩ ካለቀ ዝም ብላችኋል ማለት ነው፤ ዝምታችሁም መልስ ሆኖ ይመዘገባል። ይህን ስጫወት ከየትኛውም ተኩስ በላይ እጄ ያላበው እዚህ ላይ ነው። ፍጥነቱ የሚፈትነው ጣትን አይደለም፤ ሳታስቡ የምትናገሩት ነገር ምን እንደሆነ ነው።

ቴልቴል ግን ይህንኑ ዘዴ በ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ላይ፣ በ«ባትማን» ላይ፣ በ«ማይንክራፍት» ላይ ደጋገመው። ተጫዋቹ ለመደው፣ ከዚያ ሰለቸው። በመስከረም 2018 ከሠራተኞቹ አብዛኞቹን፣ 250 ገደማ ሰዎችን፣ በአንድ ቀን አሰናብቶ በሩን ዘጋ። ለውድቀቱ የአስተዳደር ችግርም ነበረበት፤ ቢሆንም ጥሩ ብልሃት እንኳ እንደ ማህተም በየጌሙ ላይ ሲመታ እንደሚያረጅ አሳይቶናል።

ስለ ቁልፍ መጫን አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። «ቶሎ ተጫን» የሚሉት ትዕይንቶች የተሠሩት ጆይስቲክ ለያዘ፣ ጤነኛ እጅ ላለው፣ የማይንተፋተፍ ማሽን ለገዛ ሰው ነው። እኛ የምንጫወተው ስክሪኑ በተሰነጠቀ፣ ሲሞቅ በሚንቀራፈፍ ስልክ ነው። ጣታችሁ በሰዓቱ ደርሶ ስልኩ ዘግይቶ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲሞት ጥፋቱ የማን ነው? መፍትሔው ደግሞ የታወቀ ነው። በ2011 የወጣው የመርማሪ ጌም «ኤል ኤ ኑዋር» ተኩስ ያለበት ትዕይንት ላይ ደጋግማችሁ ከወደቃችሁ «ልዝለለው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። የ2018ቱ «ስፓይደርማን» እንዲህ ያሉትን ትዕይንቶች ራሱ እንዲጨርስላችሁ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። ይህን ያላስገባ የጀብዱ ጌም ሠሪ ሰነፍ ነው ብዬ ነው የማስበው።

አሁን ወደ ራሳችን። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ እዩ፦ ኳስና ድብድብ። ስልክ ላይ፦ ፐብጂ፣ ፍሪ ፋየር፣ መኪና። «የእኛ ልጅ ታሪክ አይወድም፣ ጠብ ነው የሚወደው» የሚሉ ሰዎች ይገጥሙኛል። አይዋጥልኝም። ልጆቹ ማታ ቲክቶክ ላይ ሦስት ደቂቃ የሚቆይ ተከታታይ ድራማ ክፍል 47 ድረስ ሲያሳድዱ የሚያድሩ ናቸው። ታሪክ ይወዳሉ። ጥይት ግን አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ጎል በየትኛውም ቋንቋ ጎል ነው። አንድ ሚሊዮን ቃል በእንግሊዝኛ ማንበብ ግን፣ ያውም ስላቁንና ቅኔውን ይዞ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። የጀብዱ ጌም ሰውነቱ ቋንቋ ነው፤ በቋንቋችሁ ካልመጣ አልመጣም። እኛ አክሽንን የመረጥነው ሌላው ሳይቀርብልን ነው።

እዚህ ላይ ነው «አክሽን ጨምሩበት» የሚለው ምክር ለሀገራችን ጌም ሠሪዎች አደገኛ የሚሆነው። ከመጀመሪያዎቹ የሀገር ውስጥ የስልክ ጌሞች አንዱ፣ ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ»፣ ዶሮ ይዛችሁ የምትሮጡበት ነው። ደስ የሚል ጌም ነው፤ ለጀማሪ ስቱዲዮም ብልህ ምርጫ ነበር። የስቱዲዮው ስም ቅኔ፣ ጌሙ ሩጫ መሆኑ ግን ፈገግ ያሰኘኛል። ሩጫና ተኩስ ላይ የምንወዳደረው በመቶ የሚቆጠሩ አኒሜተሮች ካሏቸው ኩባንያዎች ጋር ነው። አንድ ሰው ሲመታ እንዴት እንደሚወድቅ አሳምሮ መሥራት ብቻ ወራት ይፈጃል፣ ገንዘብ ይፈጃል። በአማርኛ ነገር መሸሸግ፣ በአማርኛ መዝለፍ፣ በአማርኛ ሙግት መግጠም ላይ ግን የሚወዳደረን የለም።

መሣሪያውም አለ። «ትዋይን» የሚባለው በ2009 ክሪስ ክሊማስ የጀመረው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ታሪኩን በሳጥን በሳጥን ትጽፋላችሁ፣ ሳጥኖቹን በምርጫ ታገናኛላችሁ፣ የሚወጣው እንደ ድረ ገጽ ስለሆነ የግዕዝ ፊደል ያለ ምንም ችግር ይነበባል። ሥዕልና ድምፅ ለሚፈልግ «ሬንፓይ» አለ፣ እሱም በነፃ፤ ፊደላችንን የያዘ ፎንት ማስገባት ብቻ ነው። ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል።

ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «ማን ያነባል?» ይሉኛል፤ ከዚያም «ትንሽ ጠብ ጨምርበት» ይላሉ። እሺ፣ ይጨመር። ግን የድንበር ሙግት ላይ ቆሞ ጠበቃ የሌለው ገበሬ ዳኛው ፊት ተራው ሲደርስ፣ ከሥር ያቺ መስመር እያጠረች፣ ሦስት መልስ ተደርድሮ፣ አንዱ ሰም ብቻ፣ አንዱ ወርቅ ያለው፣ አንዱ ዝምታ። የመስመሯ ርዝመት ስንት ሰከንድ ይሁን የሚለው ላይ እንከራከር፤ እኔ አሥር እላለሁ፣ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ጭራሽ ማጥፋትም የሚቻልበት።